የእንጨት ናሮውቦትን ድራይ ዶክ አስገብቶ ሳይደርቅ የመጠገን ዝርዝር መመሪያ

በእንግሊዝ የውሃ ቦዮች ላይ ጭነት ለማመላለስ የተሠሩት የእንጨት ናሮውቦቶች ወርዳቸው 2.1 ሜትር ገደማ፣ ርዝመታቸው ደግሞ እስከ 21 ሜትር የሚደርስ ጠባብ ጀልባዎች ናቸው። ከእነዚህ መካከል እስካሁን የሚንሳፈፉትን የተረከቡ ሰዎች በአብዛኛው የሚሳሳቱት በአንድ ቦታ ነው። ጀልባዋን ለጥገና ከውሃ ባወጡ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንጨቷ ይደርቃል፣ የሳንቃዎቹ መጋጠሚያም ይከፈታል። ባለቤቶቹ የተከፈተውን ክፍተት ጢም አድርገው በክር ይጠቀጥቁታል፣ ቅብ ያለብሱታል፣ ከዚያም ውሃ ላይ ሲመልሷት ሳንቃው ያብጥና የሚሄድበት ሲያጣ ሚስማሩን ይነቅላል። በበጎ ፈቃድ በምሠራበት አካባቢ አንዲት ጀልባ በዚህ ሁኔታ ተበላሽታ አይቻለሁ። ሦስት ሳምንት በፀሐይ ደርቃ፣ በጥንቃቄ ተጠቅጥቃ፣ ቅቧም እያብረቀረቀ ከተመለሰች በኋላ በአራተኛው ቀን አንድ ሙሉ ሳንቃ ከጎኗ ተገፍቶ ወጣ። ሠራተኞቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ ቅደም ተከተሉን ብቻ ነበር ያላወቁት።

የመጥረቢያ እጀታ ሲላላ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማሳደር ገጠር ላደገ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ብረቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። የናሮውቦት አካልም ውሃ የማያስገባው በዚሁ ምክንያት ነው። የጣና ታንኳ ግን ተቃራኒ ነው፤ ከደንገል ስለሚሠራ ከአገልግሎት በኋላ ከውሃ ወጥቶ ካልደረቀ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ከታንኳ የሚመጣውን ልማድ እዚህ ይተዉት። የእንጨት ናሮውቦት የምትፈራው ከታች ያለውን የቦዩን ውሃ ሳይሆን ከላይ የሚወርደውን ዝናብና ከጎን የሚመታትን ፀሐይ ነው።

ይህ መመሪያ የሚመለከተው አካሏ በመሠረቱ ጤናማ የሆነችን ጀልባ ነው። ሳንቃ መቀየር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው የኦክ ሳንቃ እንዲታጠፍ ለሁለት ሰዓት ያህል በእንፋሎት ሣጥን ውስጥ መቆየት አለበት፣ ከወጣ በኋላም በደቂቃዎች ውስጥ ቦታው ላይ መታሰር ይኖርበታል። ያን ሥራ ለባለሙያ ይተዉ።

ደረጃ 1፦ ጊዜውን ይምረጡ

ዶኩን (ጀልባዋ ተንሳፍፋ ከገባች በኋላ ውሃው የሚለቀቅበትን ገንዳ) ለኤፕሪል ወይም ለኦክቶበር ይያዙ። በሞቃት ወራት እንጨቱ በፍጥነት ይደርቃል፣ በብርድ ወራት ደግሞ ቅጥራኑ በቀዝቃዛ እንጨት ላይ አይጣበቅም። የቦዮቹን አብዛኛውን ክፍል የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት ትልልቅ ጥገናዎቹን የሚያከናውነው ከኖቬምበር እስከ ማርች ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ በኦክቶበር የሚገቡ ከሆነ የመመለሻ መንገድዎ ተዘግቶ እንዳይጠብቅዎ አስቀድመው ያረጋግጡ።

ከ10 እስከ 14 ቀናት ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ከመሰለዎት ሥራውን ለሁለት ዓመት ይከፋፍሉት። ጀልባዋን አስቀምጦ ቅዳሜና እሁድ ብቻ መሥራት ግን በፍጹም አይቻልም፤ ባለቤቶች ያላቸው ትርፍ ጊዜ ያ ብቻ ስለሆነ ይህን መስማት እንደማይወዱ አውቃለሁ፤ ሆኖም ማንም ውሃ ሳያጠጣት የምታልፍ አንድ ሞቃታማ ሳምንት የአምስት ቀን ሥራን ታበላሻለች።

ደረጃ 2፦ ዕቃውን ከመግባትዎ በፊት ያሰናዱ

ጀልባዋ ዶክ ውስጥ ካረፈች በኋላ ዕቃ ፍለጋ የሚባክን እያንዳንዱ ሰዓት እንጨቷ የሚደርቅበት ሰዓት ነው። የሚከተሉት ሁሉ በእጅዎ ካልገቡ በስተቀር ጉዞ አይጀምሩ።

– በጥድ ቅጥራን የታሸ የቃጫ ክር፣ በሙያው ስም ኦከም። እጅ ላይ የሚያጣብቅና ሽታው ጠንካራ የሆነውን ይምረጡ፤ በእጅ ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ አርጅቷል።
– ጫፋቸው ያልተሳለ፣ መሮ የሚመስሉ የመጠቅጠቂያ ብረቶች፣ አንዱ ቀጭን ሌላው ወፈር ያለ፣ ከእንጨት መዶሻ ጋር።
– አሮጌ ክር የሚያወጡበት ጫፉ ቆልመም ያለ ብረት፣ ወስፌ፣ ቀላል መዶሻና ጠመኔ።
– ቢያንስ 30 ጆንያ፣ ረጅም የውሃ ጎማና ሁለቱንም ጎኖች የሚሸፍን ሸራ።
– ሁለት የውሃ ፓምፖች፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ባትሪ ያላቸው፣ አንደኛው ውሃ ሲሞላ በራሱ የሚነሣ።
– በዚንክ የተለበጡ ሚስማሮች። የኦክ እንጨት አሲድ ተራውን ብረት ይበላዋል። ዝገት አልባ የሚባለው ብረት ደግሞ አየር በማያገኝበት እርጥብ እንጨት ውስጥ ሳይታይ ይበላሻል።
– አንድ ባልዲ ሰጋቱራ። ለምን እንደሆነ በደረጃ 6 እና 8 ያገኙታል።

የፓምፑን ጉዳይ አቅልለው አይመልከቱ። ከውሃው ወለል 30 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ ስፋቱ 25 ሚሊሜትር የሆነ አንድ ቀዳዳ ብቻ በሰዓት 2,500 ሊትር ገደማ ያስገባል። በአምራቹ የተጻፈው አቅም ባትሪው ሙሉ፣ ቱቦውም አጭር ሲሆን የሚገኝ ስለሆነ ከግማሽ በላዩን አይመኑ።

ደረጃ 3፦ ጀልባዋን ዶኩ ውስጥ ያሳርፉ

1. ጭነቱን፣ የማገዶ ከሰሉንና የውሃ ታንኩን ውሃ ያውጡ። ስትንሳፈፍ ውሃው እኩል ተሸክሟት የነበረው ክብደት፣ ስታርፍ በጥቂት ግንዶች ላይ ይወድቃል።

2. ወደ ዶኩ ከመግባትዎ በፊት ከወለሉ ላይ ያሉትን አግዳሚ ግንዶች አቀማመጥ ከዶኩ ኃላፊ ይጠይቁና የት የት እንዳሉ በግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ውሃው ከሞላ በኋላ አይታዩም።

3. ጀልባዋን ያስገቡ፣ የመዝጊያ ሳንቃዎቹን በየመግቢያቸው ያስቀምጡ፣ ገመዶቹንም አላልተው ይሰሩ። ውሃው ሲወርድ ገመድ የሚይዛት ከሆነ በአንድ ጎን ትንጠለጠላለች።

4. ውሃውን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ወለሏ ግንዶቹን ሊነካ ሲቃረብ ፍሰቱን ያቁሙና በአራቱም ማዕዘን ከግድግዳው ያላትን ርቀት ይለኩ። ከዚያ በኋላ ብቻ የቀረውን ይልቀቁ።

5. ልክ እንዳረፈች ከፊትና ከኋላ ጫፎቿ በታች ተጨማሪ ድጋፍ አስገብተው በሽብልቅ ያጥብቁ። ያረጀች ረጅም ጀልባ መሃሏ ብቻ ከተደገፈ ጫፎቿ ይወርዱና ጀርባዋ ይጎብጣል፤ ያ ጉብጠት አይመለስም።

*ያዘነበለች እንደሆነ፦* በክሪክ ለማቃናት አይሞክሩ። ውሃውን እንደገና ሞልተው ያንሳፍፏት፤ እንደ አዲስም ያሳርፏት። ሁለት ሰዓት ይፈጃል እንጂ ጉዳት የለውም።

ደረጃ 4፦ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ እርጥበቷን ይጠብቁ

ውሃው እንደወረደ፣ ገና ጎኗ እየተንጠባጠበ ሳለ፣ የራሱትን ጆንያዎች ከላይኛው ጠርዝ አንጠልጥለው በሁለቱም ጎኖች ይደርድሩ። ከላያቸው ሸራውን ይጣሉ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በጎማ ያርሷቸው፤ ነፋስ ባለበት ቀን ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ። የሚሠሩበትን ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ብቻ ይግለጡ፣ ሲጨርሱ መልሰው ይሸፍኑት።

ውስጧንም አይርሱ። ወለሏን በባልዲ ያርሱ፤ ነገር ግን አይሙሉት። ከጫፍ እስከ ጫፍ 5 ሴንቲሜትር የሚሆን ውሃ ብቻ ክብደቱ 2 ቶን ገደማ ስለሚሆን ያረፈችባቸውን ጥቂት ግንዶች ያስጨንቃል።

መድረቋን ለማወቅ በገባችበት ቀን በአምስት ወይም በስድስት ቦታዎች ላይ የመጋጠሚያዎቹን ስፋት ለክተው በሳንቃው ላይ በጠመኔ ይጻፉት፣ በየማለዳውም እዚያው ቦታ ይለኩ። በማግሥቱ 3 ሚሊሜትር የነበረው 4 ከሆነ ውሃው አልበቃትም ማለት ነው፤ ሥራውን አቁመው ቀኑን ሙሉ ሲያርሷት ይዋሉ።

ደረጃ 5፦ ያጽዱና ይመርምሩ

አረንጓዴውን ዝቃጭና የላላውን አሮጌ ቅብ በመፋቂያና በጠንካራ ብሩሽ ያስወግዱ። በኃይል የሚረጭ ማጠቢያ ማሽን የሚጠቀሙ ከሆነ መጋጠሚያዎቹን ፊት ለፊት አይምቱ፤ ጤናማውን ክር ጭምር ያወጣዋል። የተፋቀውን ሁሉ ጠርገው በከረጢት ይሰብስቡ። ወለሉ ላይ የቀረው ዶኩ ሲሞላ ወደ ቦዩ ይገባል።

ከዚያ መዶሻውን ይዘው ከፊት ጫፍ ወደ ኋላ እያንዳንዱን ሳንቃ በየአሥር ሴንቲሜትሩ ቀስ አድርገው ይምቱ። ጤናማ ኦክ ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል፤ የበሰበሰው ድምፁ እንደታፈነ ይቀራል። የታፈነ ድምፅ በሰሙበት ቦታ ወስፌውን ይጫኑ። ከአምስት ሚሊሜትር በላይ ያለ ኃይል ከገባ በጠመኔ ይክበቡት። በተለይ ዝናብ ከላይ ሰርጎ የሚጠራቀምበትን የላይኛውን ጠርዝ ሥር፣ ጎኑን ከወለሉ የሚያያይዙትን “ጉልበት” የሚባሉ ብረቶች ጀርባ፣ እንዲሁም በሚስማሮች ዙሪያ ጠቁሮ የሚታየውን ቦታ ይመርምሩ።

ወለሏን በተመለከተ አንድ ነገር ልለምንዎ። የወለሉ ሳንቃዎች በአብዛኛው ኤልም ከተባለ ዛፍ የተሠሩ ናቸው። ኤልም ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ካለ ለረጅም ዘመን ይቆያል፤ አንዴ እየረጠበ አንዴ እየደረቀ ከተፈራረቀበት ግን ቶሎ ይበሰብሳል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፋው የኤልም በሽታ በብሪታኒያ ከ25 ሚሊዮን በላይ ዛፎችን ስለገደለ፣ ያንን የሚያህል ወፍራምና ሰፊ ሳንቃ ዛሬ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ ውጫዊ ገጹ ስለሻከረ ብቻ ጤናማ የኤልም ሳንቃ አይንቀሉ።

የሚያወጡትን እያንዳንዱን ቁራጭ ከማውጣትዎ በፊት ፎቶ ያንሱ፣ ይለኩ፣ ቦታውን ጽፈው ያስቀምጡ። ናሽናል ሂስቶሪክ ሺፕስ ዩኬ በሚያስተዳድረው የታሪካዊ መርከቦች መዝገብ ውስጥ ጀልባዎ ቢኖርም፣ መዝገቡ በሕግ አያስጠብቃትም፤ ጠባቂዋ እርስዎ ራስዎ ነዎት።

*የላላ ሚስማር ካገኙ፦* በዚያው ቀዳዳ ደግመው አይምቱት። ቀዳዳውን በእንጨት ሹል ይድፈኑና አጠገቡ አዲስ ቀዳዳ በቅድሚያ ቦርቡረው አዲሱን ሚስማር ያስገቡ።

ደረጃ 6፦ መጋጠሚያዎቹን ይጠቅጥቁ

የዚህ ሥራ ልብ ይህ ነው፤ ስለዚህ አይቸኩሉ።

1. የሚያወጡትን ክር ይወስኑ። ወስፌውን በመጋጠሚያው ላይ ይጫኑ። ክሩ ተመልሶ የሚገፋና የቅጥራን ሽታ ያለው ከሆነ አይንኩት። ሟሙቶ በውሃ የሚንጠባጠበውን ወይም እንደ አፈር የሚፈረፈረውን ብቻ በቆልማማው ብረት ስበው ያውጡ። ሙሉውን ጀልባ እንደ አዲስ ልጠቅጥቅ ማለት ጤናማውን ማቁሰል ነው። መጋጠሚያውን በኤሌክትሪክ መፍጫ ማስፋትም ክልክል ነው፤ የተበላ ጠርዝ አይመለስም።

2. ክሩን ያሰናዱ። ኦከሙን እንደ ባዘቶ ለቀቅ አድርገው በሁለት መዳፍዎ መካከል እያሹ እርሳስ የሚያህል ጥቅልል ያውጡለት። አንድ ቦታ የወፈረ፣ ሌላ ቦታ የሳሳ ከሆነ ፈትተው እንደገና ይጠቅልሉት። ሲመቱት የሳሳው ቦታ ውሃ ይተዋል፣ የወፈረው ደግሞ ሳንቃውን ይገፋል።

3. በቀጭኑ ብረት ያስገቡት። በየአምስት ሴንቲሜትሩ ትንሽ ቀለበት እያደረጉ ጥቅልሉን በቀላሉ ወደ ውስጥ ይስደዱት፤ አንድ ሜትር ያህል ከሄዱ በኋላ ተመልሰው በወፍራሙ ብረት ያጥብቁት። ለ5 ሴንቲሜትር ሳንቃ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጥቅልል ይበቃል።

4. ድምፁን ያዳምጡ። በመጀመሪያ ምቱ የለሰለሰ ይሆናል፤ ክሩ ቦታውን ሲይዝ ድምፁ ይጠነክራል፣ ብረቱም በእጅዎ ውስጥ መንጠር ይጀምራል። እዚያ ላይ ያቁሙ። ከነጠረ በኋላ የሚጨምሩት እያንዳንዱ ምት ሳንቃዎቹን የሚያለያይ ሽብልቅ ነው።

5. ከላይ 5 ሚሊሜትር ያህል ጎድጉዶ እንዲቀር ያድርጉ፤ ቅጥራኑ የሚያርፈው እዚያ ነው።

እኔ የምጀምረው ጎኑና ወለሉ ከሚገናኙበት ዝቅተኛ መጋጠሚያ ነው፤ ብዙ ጀልባዎች ውሃ የሚያስገቡት በዚያ በኩል ስለሆነና ጉልበቴም ሳይደክም የምደርስበት ስለሆነ። በአንድ ጎን ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ከሠራሁ በኋላ ወደ ሌላው ጎን እሻገራለሁ፤ ምክንያቱም አንዱን ጎን ብቻ መጨረስ አካሏን ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋል።

*መጋጠሚያው ደርቆ ከተከፈተብዎ፦* አይሙሉት። ክሩን በቦታው እንዲቆም ብቻ ላላ አድርገው ያስገቡና የቀረውን ክፍተት በቀለጠ ሞራ ከሰጋቱራ ጋር ለውሰው ይድፈኑት። ሳንቃው ሲያብጥ ሞራውን ወደ ውጭ ይገፋዋል እንጂ ሚስማሩን አይነቅልም። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃ ያስገባል፤ ይህን አምነው ይቀበሉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ክሩን በሲሊኮን፣ በሚደርቅ ኢፖክሲ ወይም በፋይበርግላስ ሽፋን አይተኩት። እንጨቱ ሲላወስ እነዚህ አብረው አይላወሱም፤ ከጀርባቸው ውሃ ያቁራሉ፣ ብስባሴውንም ከዓይን ይሰውራሉ።

ደረጃ 7፦ ቅጥራንና ጥቁር ቅብ

ቅጥራኑን በኤሌክትሪክ ምድጃ ወይም በአሸዋ በተሞላ ትልቅ ድስት ውስጥ ያሙቁት። እሳቱ ቀጥታ ድስቱን እንዳይልስ፣ አንዲት ጠብታ ውሃም ውስጡ እንዳትገባ ይጠንቀቁ፤ ውሃ ሲገባበት ገንፍሎ ይፈሳል። ከተቀጣጠለ ክዳኑን ይክደኑበት፤ ውሃ በፍጹም አያፍስሱበት። ጓንትና መነጽር ያድርጉ፣ እጅጌዎን አይጠቅልሉ። መጋጠሚያዎቹን ይሙሉ፣ የተረፈውንም ሲቀዘቅዝ በመፋቂያ ያስተካክሉ።

ጥቁሩን ቅብ ሲቀቡ ግራ የሚያጋባው፣ እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ገጹ ግን ደረቅ መሆን ያለበት መሆኑ ነው። ጆንያውን ከሁለት ሜትር ቦታ ላይ አንሥተው ገጹን በጨርቅ ይወልውሉ፣ በእጅዎ ሲዳስሱት ቀዝቃዛ እንጂ እርጥብ እስከማይሆን ድረስ ነፋስ ይስጡትና ወዲያው ይቀቡት። ቅቡ ከያዘ በኋላ ራሱ እርጥበቱን አምቆ ስለሚያቆይ ጆንያውን መመለስ አያስፈልግም። ሁለት እጅ ይቀቡ፤ በውሃው ወለል መስመር ላይ ሦስተኛ ይጨምሩ።

በነገራችን ላይ የድሮዎቹ ሠሪዎች በሳንቃዎች መደራረቢያ ላይ ቻሊኮ የሚባል ነገር ይቀቡ ነበር፤ በአንድነት የሞቀ ሬንጅ፣ የፈረስ ፋንድያና የላም ጸጉር ነው። ከመደራረቢያው ሥር ጸጉራም ጥቁር ነገር ካገኙ ቆሻሻ መስሎዎት አይፋቁት።

ደረጃ 8፦ ወደ ውሃ ይመልሷት

ከመሙላትዎ በፊት የፕሮፔለሩ ዘንግ የሚያልፍበትን ማሸጊያ ይፈትሹ፣ ፓምፖቹን በባልዲ ውሃ ይሞክሩ፣ ባትሪዎቹ ሙሉ መሆናቸውን ያረጋግጡ።

ዶኩን በአንድ ጊዜ አይሙሉት። ውሃው ከወለሏ 10 ሴንቲሜትር በላይ ሲደርስ ዝጉትና ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። በመብራት ከጫፍ እስከ ጫፍ ውስጧን ያስሱ፤ የሚያስገባውን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት። ዝቅተኛው መጋጠሚያ ማበጥ እስኪጀምር እዚያው ያቆዩዋት፤ ከቻሉ ሌሊቱን ያሳድሯት። ከዚያ በየ10 ሴንቲሜትሩ እየጨመሩ ያንሳፍፏት።

*ፓምፖቹ ካልቻሉ፦* ሳትንሳፈፍ ውሃውን መልሰው ይልቀቁ። ከተንሳፈፈች በኋላ ከሆነ የምትሰጥመው በእርስዎ ዓይን ፊት ነው። ዶኩን ለተጨማሪ ሁለት ቀን መከራየት ከዚያ እጅግ ይሻላል።

የመጀመሪያዎቹን 48 ሰዓታት አንድ ሰው ጀልባዋ ላይ ይደር። ሌሊት ፓምፑ ሲነሣና ሲቆም ሰዓቱን ይጻፍ። በመጀመሪያው ምሽት በየአሥር ደቂቃው ሲነሣ የነበረው ንጋት ላይ በየሃያ ደቂቃው፣ በማግሥቱ በየሰዓቱ ከሆነ እንጨቱ ሥራውን እየሠራ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ካልቀነሰ የሚያስገባ ቦታ አለ። ውስጧን በስፖንጅ ክፍል በክፍል አድርቀው ውሃው መጀመሪያ የሚታይበትን ይፈልጉ።

ሰጋቱራው የሚያገለግለው አሁን ነው። ጀልባዋ ባልተንቀሳቀሰ ውሃ ላይ ቆማ ሳለ ጣሳ ሙሉ ሰጋቱራ በረጅም እንጨት ጫፍ አስረው፣ በሚያስገባው ቦታ ትይዩ ከወለሏ በታች አስገብተው ይገልብጡት። ወደ ላይ ሲንሳፈፍ የሚገባው ውሃ ስቦ ክፍተቱ ውስጥ ይወሽቀዋል። ጊዜያዊ ነው፤ ጀልባዋ ስትንቀሳቀስ ሊወጣ ይችላል፤ ሆኖም ሳንቃው እስኪያብጥ ድረስ ብዙ ሌሊት አሳድሯል። ክፍተቱ ከጣት የሰፋ ከሆነ በቅጥራን የተነከረ ወፍራም ጨርቅ አድርገው ከላዩ የመዳብ ወረቀት በአጫጭር ሚስማር ይምቱበት፤ በሚቀጥለው ዶክ ግን አንሥተው በአግባቡ ይጠግኑት።

እስከ አራተኛው ቀን ጉዞ አይጀምሩ። ሲነሡም ሎኮች (ውሃ እየሞሉና እየለቀቁ ጀልባን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ ባለ በር ክፍሎች) ውስጥ ወደታች ሲወርዱ የኋላ ጫፏ ከላይኛው በር ደፍ ላይ እንዳይሰቀል በሎኩ ጎን ያለውን የደፉን ምልክት አልፋ ወደ ፊት ትቁም።

ከዚያ በኋላ

የላይኛውን ክፍል ዝናብ በማያስገባ ነገር ግን ነፋስ በሚያሳልፍ ሸራ ይሸፍኑት። በሞቃት ቀናት ከውሃው ወለል በላይ ያሉትን ሳንቃዎች ጠዋትና ማታ በባልዲና በመወልወያ ያርሱ። አንዱ ጎን ብቻ ፀሐይ እንዳይመታው በየሁለት ወሩ አዙረው ይሰሯት። የፓምፑን መዝገብ አይተዉ፤ በሳምንት አንዴ ይነሣ የነበረ ፓምፕ በቀን አንዴ መነሣት ከጀመረ፣ ምክንያቱን የብርድ ወራት ሳይገቡ ያግኙት።